አዲስ ዕቃ ሲወጣ የቱ ላይ ልሥራ? ለድሬና ለሐረር አፕ ሠሪዎች

አፕል በሰኔም ሆነ በመስከረም አዲስ ነገር ሲያስተዋውቅ ካሊፎርኒያ ላይ ጠዋት ነው፤ እኛ ጋ ማታ 2 ሰዓት። ድሬ ላይ ማታ 2 ሰዓት ማለት ሙቀቱ በረድ ብሎ ሰው ከቤት የሚወጣበት ሰዓት ነው። ያን ቀን ግን አፕ የሚሠራ ሁሉ ስልኩ ላይ ተደፍቶ ያመሻል። የቴሌግራም ግሩፑ ይጋጋላል። «አየኸው?» «ዋጋው ቀልድ ነው እንዴ?» «አቦ፣ ለዚህ ዕቃ ቀድሞ የሠራ ሰው ይበላል!»

ሰውን ከሥራው የምታስነሳው ይቺ ሦስተኛዋ ናት። ቀድሞ የሠራ ሰው የበላበት ጊዜ በእርግጥ አለ። አይፎን በ2007 ወጣ፤ አፕ ስቶር በሐምሌ 2008 ሲከፈት የነበሩት አፖች 500 ገደማ ብቻ ነበሩ። ያኔ የገባ ተጠቅሟል። (ዓመቶቹንና ወሮቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) ቀድሞ ሠርቶ ባዶ እጁን የቀረው ግን ይበዛል። ጎግል ግላስ በ2013 ለዴቨሎፐሮች በ1,500 ዶላር ተሸጠ፤ በጥር 2015 ለተራው ሰው መሸጡ ቆመ፤ ለድርጅት የተረፈው ሥሪትም በመጋቢት 2023 ተዘጋ። አፕል በ2015 አይፎን 6ኤስ ላይ ስክሪኑን ጫን ሲያደርጉት ሌላ ነገር የሚከፍት ሥርዓት አመጣ። ስንቱ አፑን ለዚያ ብሎ አስተካከለ። በ2019 አይፎን 11 ሲመጣ ነገርዬው የለም።

ስለዚህ አንድ ዕቃ ሲተዋወቅ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ዕቃው ከሁለት ዓመት በኋላ ቢሞት ከልፋቴ ምን ይተርፈኛል? ስለ ካሜራው፣ ስለ ቺፑና ስለ ስክሪኑ የሚወራው ከዚህ በኋላ ይምጣ። ከዚህ በታች ያሉትን አምስት ዓይነት ዕቃዎች ያወዳደርኩት በዚህች ጥያቄ ነው።

ጽሑፉ ድሬዳዋ ወይም ሐረር ተቀምጦ፣ ብቻውን ወይም ከሁለት ሦስት ጓደኛ ጋር፣ ከራሱ ኪስ እያወጣ አፕ ለሚሠራ ሰው ነው። መሥሪያ ቤቱ ዕቃውን የሚገዛለት ሰው ሒሳቡ ሌላ ነው።

የኤአይ ትንንሽ ዕቃዎች፦ እለፉት

በአጭሩ ልጨርሰው። ሂዩሜን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በኅዳር 2023 ደረት ላይ የሚለጠፍ «ኤአይ ፒን» አስተዋወቀ። ስልክን ይተካል ተባለለት። ዋጋው 699 ዶላር፣ በዚያ ላይ በየወሩ 24 ዶላር። በየካቲት 2025 ኤችፒ የኩባንያውን ንብረት በ116 ሚሊዮን ዶላር ገዛና ፒኑ በዚያው ወር መጨረሻ ሥራ አቆመ። የገዛው ሰው እጅ ላይ የቀረችው ጌጥ ናት።

ራቢት አር1 የተባለው በእጅ የሚያዝ ትንሽ ዕቃ ደግሞ በጥር 2024 በ199 ዶላር መጣ። ውስጡ ያለው ቺፕ ሄሊዮ ፒ35 ነው። አዎ፣ ሳምሰንግ ኤ12 ውስጥ ያለው። ሶፍትዌሩን አውጥተው ተራ አንድሮይድ ስልክ ላይ ያስኬዱትም ሰዎች ተገኙ። እንዲህ ያለ ዕቃ ላይ የለፋ አፕ ሠሪ የሚተርፈው ነገር የለም፤ ምክንያቱም ሁሉም ነገር በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው። ሰርቨሩ ሲጠፋ ሥራችሁም አብሮ ይጠፋል። ሐሳቡን ከወደዳችሁት ስልክ ላይ ሥሩት።

ሄድሴት፦ አንድ ዕቃ ለብዙ ሰው ከሆነ ብቻ

ሄድሴት የምለው የጆሮውን ሳይሆን ዓይን ላይ የሚታሰረውን ስክሪን ነው። ወሬው የሚበዛው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ለምርጫ የሚቀርቡት በዋናነት ሦስት ናቸው። አፕል ቪዥን ፕሮ በሰኔ 2023 ተዋውቆ በየካቲት 2024 ገበያ ወጣ፤ 3,499 ዶላር። በጥቅምት 2025 ኤም5 በተባለው ቺፕ ታድሷል፣ ዋጋው ግን ንቅንቅ አላለም። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ያወጣው ኩዌስት 3 በጥቅምት 2023 በ499 ዶላር መጣ፤ ታናሹ 3ኤስ በዓመቱ ከ299 ዶላር ጀምሮ። ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤክስአር ደግሞ በጥቅምት 2025፣ 1,799 ዶላር፣ የጎግልን የሄድሴት ሶፍትዌር፣ አንድሮይድ ኤክስአርን፣ ይዞ።

አንዳቸውም እዚህ ሱቅ ገብተው በዋስትና የሚገዙ አይደሉም። የድሬን ታይዋን ገበያ ብትዞሩ፣ ከጅቡቲም ከዱባይም የሚያመጣ ሰው ብታውቁ፣ ዋጋው የሚወሰነው በዶላሩና በአምጪው ነው። ብሩ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር፣ ዛሬ ያሰባችሁት ሒሳብ በሚቀጥለው ወር ላይሠራ ይችላል።

ማንም የማያነሳው ነገር ሙቀት ነው። አፕል ራሱ ለቪዥን ፕሮ ያወጣው የሥራ ሙቀት ከ0 እስከ 30 ዲግሪ ነው። ሠላሳ! ድሬ በግንቦትና በሰኔ ቀን ላይ 35 ሲገባ ማን ይገረማል? ኤሲ የሌለበት ክፍል ውስጥ የ3,499 ዶላር ዕቃ ፊታችሁ ላይ አስራችሁ ስትሠሩ ዕቃውም እናንተም እኩል ታልባላችሁ። የመጀመሪያው ሞዴል ክብደቱ ከ600 ግራም በላይ ነው፣ ባትሪው ሳይቆጠር። መብራት የሄደ ቀንማ ተዉት። ሐረር ወደ 1,850 ሜትር ከፍ ስለምትል በዚህ በኩል ትሻላለች።

ከልፋታችሁ ምን ይተርፋል ለሚለው፣ ሦስቱ አንድ አይደሉም። ቪዥን ፕሮ ላይ የምትጽፉት ኮድ ከአፕል ቤት አይወጣም፤ ለመጀመርም ኤም ቺፕ ያለው ማክ ያስፈልጋል። አንድሮይድ ኤክስአር ለአንድሮይድ ሰው ይቀርባል፤ ኮምፒውተር ላይ ዕቃውን መስሎ የሚያሞክረው ኢሙሌተርም አንድሮይድ ስቱዲዮ በተባለው የአፕ መሥሪያ ውስጥ አለ። ኩዌስት መሠረቱ አንድሮይድ ነው፣ ኤፒኬ (የአንድሮይድ አፕ ፋይል) ተጭኖበት ይሄዳል፤ ጎግል ፕሌይ ሰርቪስ ግን ስለሌለው በዚያ የሚሠሩ ካርታዎችና ኖቲፊኬሽኖች አይመጡም። ዩኒቲ የተባለውን የጌም መሥሪያ የሚያውቅ ሰው ከኩዌስት ወደ ሌላው መሻገር ይችላል፣ ላቡ ግን አይቀርም።

ሌላም አለ። ተራ አፓችሁ እነዚህ ዕቃዎች ላይ ሳትለፉ ሊገኝ ይችላል። ቪዥን ፕሮ ላይ የአይፓድና የአይፎን አፖች፣ ጋላክሲ ኤክስአር ላይ ደግሞ የፕሌይ ስቶር አፖች ባለቤቱ ካልከለከለ በቀር ይታያሉ። እና «እዚያም አለን» ለማለት ብቻ ከሆነ፣ አላችሁ። ተረጋጉ።

ታዲያ ሄድሴት መቼ ያዋጣል? አንድ ዕቃ ብዙ ሰው በየተራ የሚያይበት ቦታ ሲኖር። ሙዚየም፣ ሆቴል፣ የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ። ሐረር ለዚህ የተሠራች ከተማ ናት። ጁገል ውስጥ፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ያለ የቆየ የሐረሪ ቤት አስቡ፦ ቀይ የተቀቡት ደረጃ በደረጃ መደቦች፣ ግድግዳውን የሞሉት የስፌት ሥራዎች፣ ግድግዳው ውስጥ የገቡት የዕቃ ማስቀመጫዎች። ፎቶ ላይ ጠባብ ይመስላል። ውስጡ ቆሞ ዞር ዞር ማለትን ግን ሄድሴት ይሰጣል፤ ደረጃ መውጣት ለማይችል አዛውንት ጎብኚም ይመቻል።

እንዲህ ያለ ሥራ ካገኛችሁ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። መጀመሪያ ቤቱን በስልክ ካሜራ ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱትና ባለ ሦስት ገጽታ ሞዴል አድርጉት። ሞዴሉን ጂኤልቲኤፍ በተባለው ክፍት ፎርማት አስቀምጡት። ይህ ፋይል ብሮውዘር ላይ ይከፈታል፣ ስልክ ላይ ይከፈታል፣ ሄድሴት ላይም ይገባል። ሄድሴቱ ነገ ቢሞት ቤቱ እጃችሁ ላይ አለ። የቤቱን ባለቤት ፈቃድ በጽሑፍ መያዝ ግን አይረሳ፤ ጁገል ከ2006 ጀምሮ የዩኔስኮ ቅርስ ቢሆንም ቤቱ የሰው ቤት ነው።

ከሦስቱ አንዱን ምረጥ ካላችሁኝ ለእንዲህ ያለ ሥራ ኩዌስት 3ኤስ ይበቃል። ለጎብኚ እጅ የምትሰጡት ዕቃ ይወድቃል፤ 299 ዶላር ሲወድቅና 3,499 ዶላር ሲወድቅ ድምፁ አንድ አይደለም።

ስማርት መነጽር፦ ጆሮው ከዓይኑ ይሻላል

ሜታ ከሬይባን ጋር በመስከረም 2023 ያስተዋወቀው መነጽር 299 ዶላር ነበር፤ 12 ሜጋፒክስል ካሜራ፣ ጆሮ አጠገብ የሚያወሩ ስፒከሮች፣ ክብደቱ 50 ግራም ገደማ። በመስከረም 2025 ደግሞ መስታወቱ ውስጥ ትንሽ ስክሪን ያለውና እጅ ላይ ከሚታሰር ማዘዣ ጋር የሚመጣው በ799 ዶላር ተዋወቀ።

ለአፕ ሠሪ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በሩ ዝግ ነበር። መነጽሩ የሜታን ብቻ ነበር የሚሰማው። በመስከረም 2025 ሜታ የስልክ አፖች ወደ መነጽሩ ካሜራና ድምፅ የሚደርሱበትን መሣሪያ ለሙከራ እከፍታለሁ አለ። እዚህ ላይ ደስ የሚለው ነገር ኮዱ የሚቀመጠው ስልክ ላይ መሆኑ ነው። መነጽሩ ካሜራና ስፒከር ሆኖ ያገለግላል። ቢሞት የስልኩ አፕ አይሞትም።

እኔ ግን ካሜራውን ትቼ ወደ ድምፁ አደላለሁ። የጁገልን ጠባብ መንገድ የሚሄድ ጎብኚ ዓይኑ ስልኩ ላይ ከሆነ ከተማውን አያይም፤ እግሩንም ድንጋይ ይመታዋል። በጆሮው «ወደ ግራ ታጠፍ፣ ይህ መግቢያ እንዲህ ይባላል» የሚለው ካለ ይበቃዋል። ታሪኩን በሐረሪ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ የከተማው ሽማግሌና አስጎብኚ ሲተርከው ቅዱት። ያ ድምፅ የ799 ዶላር መነጽር ላይም፣ ገበያ ላይ በሚገዛ ተራ ብሉቱዝ ማዳመጫም እኩል ይሰማል። ሥራው ያለው ቅጂው ላይ ነው፣ ያ ደግሞ ለዘላለም የእናንተ ነው። አንድ ጥንቃቄ፦ በግንብ ታጅቦ የሚሄድ ጠባብ መንገድ ላይ ጂፒኤስ ይዋዥቃል። ቦታውን ራሱ ካርታው እንዲያውቅ ከመጠበቅ፣ ጎብኚው ደረስኩ ብሎ እንዲነካ ወይም በር ላይ የተለጠፈ ኪውአር እንዲያነብ ማድረግ ይሻላል።

ካሜራውን የፈራሁበት ምክንያት ሰው ነው። ከፊት ለፊት ያለው ትንሽ መብራት እየቀዳ መሆኑን ያሳያል ይላሉ። ቀፊራ ገበያ የተቀመጠች ሴት ያቺ መብራት ምን እንደሆነች በምን ታውቃለች? መስጊድ በር ላይ፣ ሰርግ ቤት፣ በርጫ ላይ ካሜራ አድርጎ የገባ ሰው ጠብ ይዞ ነው የገባው። ስልክ ስታወጡ ቢያንስ ሰው ያያችኋል።

የሜታ የድምፅ ረዳት አማርኛ እንደማያስተናግድም ዕወቁ። ደግሞም ማኅበራዊ ሚዲያ ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2023 በአገራችን ተዘግቶ እንደነበር አንረሳም፤ ፌስቡክም አብሮ ነበር። የሥራችሁ እስትንፋስ በአንድ አካውንት ላይ ሲንጠለጠል ይህንንም ከግምት አስገቡ።

ስማርት ሰዓት፦ ያላችሁን አስተካክሉ

ገበያ ላይ የምታዩት ሰዓት አብዛኛው አፕ አይጫንበትም። የራሱ ትንሽ ሶፍትዌር አለው፣ ከስልኩ ኖቲፊኬሽን ይቀበላል፣ እርምጃ ይቆጥራል፣ በቃ። አፕ የሚጫንባቸው የአፕል ሰዓትና የጎግሉ የሰዓት ሶፍትዌር ዌር ኦኤስ ያላቸው እንደ ሳምሰንግ ያሉት ናቸው። እነሱን ያደረገ ሰው ከዚራ ካፌ ውስጥ ታገኛላችሁ፤ ደንበኞቻችሁ ግን ስንቱ አድርጓል?

ለርካሹ ሰዓት ማድረግ የምትችሉት አንድ ጥሩ ነገር አለ። ኖቲፊኬሽናችሁን አሳጥሩ። «ውድ ደንበኛችን አገልግሎታችንን ስለመረጡ እናመሰግናለን፣ ትዕዛዝዎ...» የሚል ነገር ሰዓቱ ላይ «ውድ ደንበኛችን» ብሎ ይቆረጣል። ቁም ነገሩ መጀመሪያ ይምጣ፦ «ዕቃው ደርሷል፤ 450 ብር»። ብዙዎቹ ርካሽ ሰዓቶች ደግሞ የግዕዝ ፊደል ስለሌላቸው ሳጥን ሳጥን ነው የሚያሳዩት። ቁጥሩ ቢያንስ ይነበባል። ሰዓት የሌለውም ሰው አጭር ኖቲፊኬሽን አይጠላም።

ታጣፊ ስልክ፦ የኔ ምርጫ፣ ባትገዙትም

ሳምሰንግ የመጀመሪያውን ታጣፊ በ2019 አመጣ፤ 1,980 ዶላር። ለግምገማ የተሰጡት ስክሪናቸው ስለተበላሸ ሽያጩ ከሚያዝያ ወደ መስከረም ተገፋ። ዛሬ ብዙዎቹ ኩባንያዎች አሏቸው፤ ጎግል በ2023 ገባ፣ ሁዋዌ በ2024 ሁለት ቦታ ታጥፎ ሦስት የሚደረብ አመጣ። ለእኛ ትርጉም ያለው ግን ቴክኖ በየካቲት 2023 ባርሴሎና ላይ ታጣፊ ይዞ መቅረቡ ነው። ቴክኖ የነካው ነገር ይዋል ይደር እንጂ ወደ መጋላ መድረሱ አይቀርም።

እንደ ገዢ ከሆነ ድሬ ላይ አልመክርም። አዳዲሶቹ የሳምሰንግ ታጣፊዎች ከውኃና ከአቧራ የመከላከያ ደረጃቸው አይፒ48 ነው። 8ቷ ውኃውን ነው፤ 4ቷ ደግሞ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ለሆነ ነገር ብቻ ናት። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ከዚያ ይደቅቃል። ነፋስ ሲነሳ ማጠፊያው ውስጥ ምን እንደሚገባ አስቡት።

እንደ አፕ ሠሪ ከሆነ ግን ለታጣፊ ብላችሁ የምትሠሩት እያንዳንዱ ነገር ርካሹ ስልክ ላይ ይከፍላችኋል። ይህን ልዘርዝረው።

ታጣፊ ስልክ ሲከፈት የስክሪኑ ስፋት ይለወጣል፤ አንድሮይድም ብዙውን ጊዜ ገጹን አፍርሶ እንደ አዲስ ይሠራዋል። ሰውዬው ፎርም እየሞላ ከነበረና እናንተ የሞላውን ካላስቀመጣችሁ፣ ሲከፍተው ባዶ ፎርም ያገኛል። አሁን ወደ እኛ ሰፈር ኑ። ደንበኛችሁ 2 ጊጋ ራም ያለው ስልክ ይዟል። ሳቢያን ቆሞ ዕቃ መረጠ፣ ስሙንና ሰፈሩን ጻፈ፣ «ክፈል» አለ። ወደ ቴሌብር ሄደ፣ ሚስጥር ቁጥሩን አስገባ፣ ከፈለ። ተመለሰ። አፓችሁ ከመጀመሪያው ገጽ ተነሳ። ስልኩ ለቴሌብር ቦታ ሲፈልግ የእናንተን አፕ ገድሎታል። ብሩ ወጥቷል፣ ትዕዛዙ የለም። ከዚያ የሚደወልላችሁን ስልክ ታውቁታላችሁ።

የሁለቱም በሽታ መድኃኒቱ አንድ ነው። በኮምፖዝ (የአንድሮይድ ገጽ መሥሪያ) የምትጽፉ «ሪሜምበር» ብቻ ያላችሁትን «ሪሜምበር ሴቨብል» አድርጉት። የገጹን መረጃ የሚይዘው «ቪው ሞዴል» ብቻውን ገጹ ሲፈርስ ያተርፋል፣ አፑ ሲገደል ግን አያተርፍም፤ «ሴቭድ ስቴት ሃንድል» ጨምሩበት። የተጀመረ ክፍያ ካለ ደግሞ ስልኩ ላይ ዳታቤዝ ውስጥ ይጻፍ፣ አፑ ሲነሳ መጀመሪያ እሱን ይይ። ለመሞከር ስልኩ ዴቨሎፐር ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ዶንት ኪፕ አክቲቪቲስ» የሚለውን አብሩና አፓችሁን እንደ ደንበኛ ተጠቀሙበት። አንድ ሰዓት አይፈጅም፣ ያሳፍራል ግን።

ስፋቱም እንደዚሁ ነው። ጎግል የሚለው ወርዱ ከ600 ዲፒ (የአንድሮይድ የስክሪን መለኪያ) በታች የሆነው ጠባብ፣ ከ600 እስከ 840 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ሰፊ ነው። አንድሮይድ 16ን ዒላማ ያደረገ አፕ 600ና ከዚያ በላይ በሆነ ስክሪን ላይ «እኔ ቁም ብቻ ነኝ» ቢል በመደበኛው አይሰማም፤ ጌሞችን ግን አይመለከትም። ገጹ ራሱን እንዲያስተካክል አድርጎ የሠራ ሰው ሌላም ችግር ፈታ። የእኛ አፕ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይሄዳል። «ክፈል» አጭር ናት፤ የላቲኑ ፊደል ላይ ስትደርሱ የሚነካው ቁልፍ ይለጠጣል፣ ጽሑፉ ለሁለት ይሰበራል። አባታችሁ ደግሞ ፊደሉን አግዝፈው ነው የሚያነቡት፤ ከአንድሮይድ 14 ወዲህ እስከ 200 በመቶ ድረስ። ለሚለጠጥ ስክሪን የተዘጋጀ ገጽ ይህን ሁሉ ይችላል።

ለሁሉም ታጣፊ መግዛት አያስፈልግም። አንድሮይድ ስቱዲዮ ውስጥ የሚታጠፍ ኢሙሌተር በነፃ አለ። ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ በሞባይል ዳታ አታውርዱት፤ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ተቀመጡ። ታጣፊ ስልክ ነገ ከገበያ ቢጠፋ፣ አፓችሁ ርካሹ ስልክ ላይ የተሻለ አፕ ሆኖ ይቀራል። አምስቱን ዕቃዎች ሳወዳድር እንዲህ ሙሉ በሙሉ የሚተርፍ ልፋት ያገኘሁት እዚህ ብቻ ነው።

መቼም መድረክ ላይ ማንም ስለማያስተዋውቀው ስልክ ካነሳን አይቀር፣ የባጃጅ ሹፌሩንም አንርሳ። ስልኩን ከመሪው አጠገብ አስሮ፣ ስክሪኑን እስከ ጥግ አብርቶ፣ ጂፒኤስ ከፍቶ፣ ቻርጅ ሰክቶ፣ በቀን 7 ሰዓት ፀሐይ ላይ ይነዳል። ስልኩ ሲግል መጀመሪያ ስክሪኑ ይደበዝዛል፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ይጎተታል። አንድሮይድ ከ10 ጀምሮ ስልኩ ምን ያህል እንደጋለ ለአፕ ይነግራል። ያንን ሰምታችሁ ካርታውን የምታድሱበትን ጊዜ አራርቁ፣ እንቅስቃሴውን አጥፉ፣ ቀለሙን ቀለል አድርጉ። ድሬ ላይ ይህን የሚሠራ አፕ ካለ ሹፌሩ ራሱ ያስተዋውቅላችኋል።

መግቢያው ስንት ነው?

ጎግል ፕሌይ አንድ ጊዜ 25 ዶላር ነው። አፕል በየዓመቱ 99 ዶላር፣ በዚያ ላይ ማክ። ሁለቱም በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው የሚከፈሉት፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ውጭ ያለ ዘመድ ይለምናል። ከለመናችሁ አይቀር አካውንቱ በራሳችሁ ስምና ኢሜይል ይከፈት፣ ዘመድ ካርዱን ብቻ ይስጥ።

ጎግል ላይ አዲስ የግል አካውንት የሚከፍት ሰው አፑን ከመልቀቁ በፊት 12 ሰዎች 14 ተከታታይ ቀን እንዲሞክሩለት ይጠየቃል። በፊት 20 ነበር፣ በታኅሣሥ 2024 ቀነሱት። አንድ በርጫ ላይ 12 ሰው አይጠፋም። ጣጣው 14 ቀን ሙሉ አለማጥፋታቸው ነው፤ ስለዚህ ዘመድና ጓደኛ ብቻ አትሰብስቡ፣ አፑን የሚፈልግ ባለሱቅም አስገቡ።

እንግዲህ ማን የቱን?

ሱቅ፣ ትዕዛዝ፣ ማድረስ፣ ባጃጅ የመሰለ ነገር የሚሠራ ሰው ለታጣፊ በሚባለው መንገድ ይሂድ፣ ዕቃውን ግን አይግዛ። ቱሪዝም ላይ ያለ የሐረር ሰው ድምፁን ይቅዳ፤ የመነጽሩ በር በደንብ ሲከፈት ዝግጁ ሆኖ ይጠብቀዋል። ሄድሴት የሚገዛ ድርጅት ፊርማውን አስቀምጦ የመጣለት ሰው ኩዌስት ላይ ይሥራ፤ ድርጅቱ ገና «እናስብበት» የሚል ከሆነ ሞዴሉን በብሮውዘር ያሳየው። ተማሪ የሆነና ውጭ አገር ሥራ ለማግኘት የሚያስብ ልጅ ካለ ለእሱ ብቻ ምክሬ ይለያል፤ አንድሮይድ ኤክስአርን በኢሙሌተር ይልመድ፣ የተማረው ኮትሊን (የአንድሮይድ ኮድ መጻፊያ ቋንቋ) የትም አይሄድበትም።

ኢሙሌተር የማያሳየው ነገር ስላለ አንድ ቀን እውነተኛውን ዕቃ መንካት ያስፈልጋል። ሐረር ላይ ለሸዋል ዒድ፣ ድሬ ላይ ለበዓልና ለሰርግ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ይበዛል፤ ታጣፊም መነጽርም ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። ከመምጣቱ በፊት አፓችሁን ፕሌይ ስቶር ላይ ለሙከራ ጫኑትና ሊንኩን አዘጋጁ። ዕቃው እጃችሁ ሲገባ ፎርም እየሞላችሁ እጠፉት፣ ዘርጉት፣ ሁለት አፕ ጎን ለጎን ክፈቱበት፣ ፊደሉን አግዝፉት፣ ደጅ ወጥታችሁ ፀሐይ ላይ አንብቡት። ያያችሁትን በራሳችሁ ስልክ ቪዲዮ ቅረጹ፤ ዘመድ ስልኩን ለረጅም ሰዓት አይሰጥም። ስትመልሱለት ደግሞ የጎግል አካውንታችሁን ከስልኩ ላይ አውጡ።